አስፋልት ውሃ ይጠጣል? ስለ ዋሽንግተን አሮጌ የውሃና የፍሳሽ መስመሮች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምትኖሩ አድማጮቻችን ስለ ውሃ ሂሳብ መናርና ስለ አሮጌ ቧንቧዎች ደጋግማችሁ ደውላችኋል። ጥያቄዎቹን በውሃ መስመር ሥራ ረጅም ዘመን ለቆየ መሐንዲስ አቅርበናል። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዲት እናት ከዲሲ፦ የአራት ወር ሕፃን አለችኝ። የተከራየነው ቤት በጣም አሮጌ ስለሆነ ቧንቧው የእርሳስ ሊሆን ይችላል ተብያለሁ። ወተቷን የምበጠብጠው ውሃውን በደንብ አፍልቼ ነው። ይበቃል?

አይበቃም፣ እህቴ። ከሁሉም አስቀድሜ ለእርስዎ የምመልሰው ጉዳዩ ነገ የሚባል ስላልሆነ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ ያለው እርሳስ ይበልጥ ይጠራቀማል። አገር ቤት ሳለን እናቶቻችን «ውሃ ከፈላ አይጎዳም» እያሉ አሳድገውናል፤ ለዚያ ዘመን በሽታ ትክክል ነበሩ፤ ለዚህኛው ግን አይሠራም።

ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ለምግብም ለወተትም አይቅዱ፤ ሙቀት እርሳስን ከቧንቧው እያሟሟ ያወጣል። ቀዝቃዛውን ይቅዱ፣ እርሳስ ለማስወገድ የተመሰከረለት ማጣሪያ ውስጥ ያሳልፉት፣ ከዚያ ያሙቁት። ማጣሪያ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ደረጃ 53 (NSF/ANSI 53) መሟላቱንና «እርሳስ» (lead) የሚለው ቃል በስም መጠቀሱን ያረጋግጡ። ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ውሃም ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ያፍስሱት።

ቧንቧውን ራስዎ መመርመር ይችላሉ። ምድር ቤት ወርደው ከመንገድ የሚገባውን ቧንቧ ያግኙና በቁልፍ ጫፍ ቀስ ብለው ይፋቁት። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ሲፋቅ እንደ ብር ያብረቀርቃል፣ ማግኔትም አይዝም። መዳብ ሲፋቅ ይቀላል። ብረት ማግኔት ይስባል። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የከተማው የውሃ ድርጅት ዲሲ ዋተር በየአድራሻው ያለውን የቧንቧ ዓይነት የሚያሳይ ካርታ በድረ ገጹ አውጥቷል፤ መመርመሪያ ዕቃም መጠየቅ ይቻላል።

ይህች ከተማ በእርሳስ የተጎዳችበትን ታሪክ ብዙዎቻችን አናውቅም። በ2000 መጨረሻ ላይ የውሃው ማከሚያ ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተቀየረ። ክሎሪኑ በእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ ለዓመታት የጋገረው መከላከያ ቅርፊት ሟሟ፤ እርሳሱም ከውሃው ጋር ወደ ቤት መጣ። ሕዝቡ ጉዳዩን በሰፊው ያወቀው በ2004 መጀመሪያ በጋዜጣ ነው። በዚያው ዓመት ኦርቶፎስፌት የሚባል ኬሚካል ውሃው ላይ መጨመር ሲጀመር ቅርፊቱ እንደገና ተሠራ። በ2014 በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ የደረሰውም ዘሩ አንድ ነው፤ የውሃው ምንጭ ሲቀየር ቧንቧውን ከመበላት የሚጠብቀው ሕክምና ቀረ።

ከዚያ ቀውስ በኋላ የተሠራ አንድ ስህተት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከተማው በሕዝብ መንገድ ሥር ያለውን ቧንቧ ቀየረ፤ በግቢ ውስጥ ያለው የባለቤቱ ነው ተብሎ በብዙ ቤቶች ሳይቀየር ቀረ። አሮጌ የእርሳስ ቧንቧ ሲቆረጥ ይናጋል፤ ለጊዜው የበለጠ እርሳስ ይለቃል። ገንዘብ ወጥቶ ጉዳት ተጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ የምከራከረው ይህን ነው፦ ቧንቧው ከመንገድ እስከ ቤት በአንድ ጊዜ፣ በሕዝብ ገንዘብ ይቀየር። በ2021 የወጣው የፌዴራል መሠረተ ልማት ሕግ ለእርሳስ ቧንቧ ብቻ 15 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። ለአገሩ ሁሉ የሚበቃ ባይሆንም መነሻ ነው። ተከራይ መሆንዎ ከመጠየቅ አያግድዎትም፤ ለአከራይዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ቅጂውንም ይያዙ።

የምግብ ቤት ባለቤት ከዲሲ፦ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቅባት የሚያስቀር ሳጥን በየጊዜው ማስጠረግ ወጪ ሆነብኝ። ያን ያህል አስፈላጊ ነው?

ነው። ንጥር ቅቤ ድስት ውስጥ ሳለ እንደ ውሃ ይፈሳል። መሬት ሥር ቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ሲደርስ ግን ይረጋል፣ ከሶፍትና ከእርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ ጋር ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በ2017 ለንደን ውስጥ 250 ሜትር የሚረዝም፣ 130 ቶን የሚመዝን የቅባት ግግር ከፍሳሽ መስመር ተገኝቷል። የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ተጠርጎ ወረቀቱ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል። ሠራተኞችዎ ይህን ከለመዱ ሳጥኑ ቶሎ አይሞላም።

የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ውሃ የምትጠቀመው በአብዛኛው እሁድ ነው። ሂሳቡን ስናየው ግን ትልቁ ክፍያ ከመኪና ማቆሚያው ጋር የተያያዘ ነው። አስፋልት ውሃ ይጠጣል?

ችግሩ አለመጠጣቱ ነው፣ አባቴ። ከዲሲ አንድ ሦስተኛ ገደማ በሚሆነው፣ በአሮጌው የከተማዋ ክፍል፣ የዝናብ ውሃና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚሄዱት በአንድ ቧንቧ ነው። ሲሠራ በጊዜው ዘመናዊ አሠራር ነበር። ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ቧንቧው ሞልቶ ከነቆሻሻው ወደ አናኮስቲያ፣ ወደ ፖቶማክና ወደ ሮክ ክሪክ ወንዞች ይፈስሳል። ይህ እንዲቆም የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2005 ከተማው በፍርድ ቤት ስምምነት ግዴታ ገባ።

መፍትሔው ከመሬት በታች ግዙፍ ዋሻዎችን ቆፍሮ ዝናቡ እስኪያልፍ ፍሳሹን ማቆየትና ቀስ በቀስ ወደ ብሉ ፕሌይንስ ማጣሪያ መላክ ነው። የአናኮስቲያ ወንዝ ዋሻ በ2018 ሥራ ጀመረ። በ2023 የተጠናቀቀው የሰሜን ምሥራቁ ዋሻ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱም 7 ሜትር ስለሆነ አውቶቡስ ሊያልፍበት ይችላል። የፖቶማኩ ገና ይቀራል። ጠቅላላ ወጪው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ይህ ወጪ ለማን ይድረስ? በውሃ ፍጆታ ብቻ ቢከፋፈል ብዙ ልጆች ያሏት፣ አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖር እናት ትልቅ ድርሻ ትከፍላለች፤ ሰፊ አስፋልት ያለው መጋዘን ግን ምንም አይከፍልም። በ2009 የተጀመረው ክፍያ ጣሪያንና አስፋልትን የሚለካው ለዚህ ነው። እኔ መሠረቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን ምእመናን ሳንቲም እየለቀሙ የሚያስተዳድሯት ቤተ ክርስቲያን ከገበያ ማዕከል ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጧ ፍትሐዊ አይመስለኝም። አብያተ ክርስቲያናትና የመካነ መቃብር አስተዳደሮች ይህንኑ ተናግረው ተሰምተዋል፤ ከተማው ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች የእፎይታ ፕሮግራም አወጣ፣ የወጪውም ከፊል ወደ ፍሳሽ ፍጆታ ተዛወረ። በዘንድሮው በጀት ድጋፉ መኖሩን ጠይቁ። ከማቆሚያው ጥቂቱን አፍርሳችሁ ዛፍና ሣር ብትተክሉም የሚለካው ስፋት ይቀንሳል።

የታክሲ አሽከርካሪ፦ ግብር እንከፍላለን። ታዲያ ለቧንቧ ለብቻው የምንከፍለው ለምንድን ነው? መንግሥት የት ሄደ?

ወንድሜ፣ መንግሥት ነበረ፤ ከዚያ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ ሲወጣ የፌዴራል መንግሥት ከፍሳሽ ማጣሪያ ግንባታ እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ወጪ በስጦታ ይሸፍን ነበር። በ1987 ስጦታው በብድር እንዲተካ ተወሰነ። ብድር ደግሞ የሚመለሰው በየወሩ ከሚደርስዎት ሂሳብ ነው። በዚያ ገንዘብ የተሠራው ሁሉ አሁን በአንድ ላይ እያረጀ ነው። የዲሲ የውሃ ቧንቧዎች ደግሞ ከዚያም ይቀድማሉ፤ አማካይ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ነው፤ ጥር ላይ መንገዱ መሃል ውሃ ሲፈነዳ የሚያዩት አሮጌው የብረት ቧንቧ ብርዱን አልችል ብሎ ሲሰነጠቅ ነው።

በ2014 ዲሲ ዋተር 350 ሚሊዮን ዶላር በ100 ዓመት ቦንድ ተበደረ። ብዙ ሰው «የልጅ ልጆቻችንን ዕዳ ውስጥ ከተቱ» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ይገባኛል፤ ወለዱ ብዙ ነው። ሆኖም ዋሻው መቶ ዓመት የሚያገለግል ከሆነ ዛሬ ያለው ተከራይ ብቻውን በሃያ ዓመት እንዲከፍለው ማድረግም ግፍ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የረጅም ጊዜ ብድር አይደለም፤ «ሂሳብ አንጨምርም» እያሉ ጥገናውን ለሚቀጥለው ምርጫ ማሳደር ነው። በሚሲሲፒ ግዛት ጃክሰን ከተማ ለዓመታት እንዲሁ ተባለ፤ በ2022 ማጣሪያው ሲሰናከል 150 ሺህ ያህል ሰው ንጹሕ ውሃ አጣ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ ሜሪላንድ ነን። የዲሲ ጣጣ ምን ያገባናል?

የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ፍሳሽ ትልቁ ክፍል የሚጣራው ዲሲ ውስጥ በብሉ ፕሌይንስ ነው። የቨርጂኒያም ከፊሉ እዚያው ይደርሳል። የምንጠጣውም በአብዛኛው ከአንድ ወንዝ፣ ከፖቶማክ ነው።

አንድ አባት፦ አዲስ አበባ ዘመዶቼ ውሃ የሚያገኙት በፈረቃ ነው። ከዚህ ምን ይማራል?

የለገዳዲ ግድብ ከተሠራ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የገፈርሳው ከዚያም ይቀድማል። አዲስ ግድብ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ የሚያፈስ ቧንቧ ሲጠገን ግን ማንም አይጨበጭብም። በመንገድ ላይ የሚፈሰውን ማዳን ግን ከአዲስ ምንጭ ይልቅ ቶሎ ወደ ሮቶው ይደርሳል። ሌላው ትምህርት ዲሲ በመቶ ዓመት የከፈለችበት ነው፤ አዲስ የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ ከዝናቡ ጋር እንዳይቀላቀል።

የመጨረሻዋ ደዋይ፦ ስለ ታሪፍ ጭማሪ ሕዝባዊ ስብሰባ ይደረጋል ሲባል እሰማለሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሄጄ ምን እላለሁ?

ይሂዱ፣ እናቴ። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ እንግሊዝኛ የማይችሉ ሰዎች በቋንቋቸው አገልግሎት እንዲያገኙ ያዝዛል፤ አማርኛም ከተማዋ ከምትተረጉምባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከስብሰባው ቀናት ቀደም ብለው ይደውሉና አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይንገሩ። ለመናገር የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ የዘንድሮውንና የአምናውን የውሃ ሂሳብ ይዘው ይግቡ። በስንት እንደጨመረ ይናገሩ፣ በወር ስንት እንደሚያገኙ ይንገሩ፣ ከቤትዎ ፊት ስንት ጊዜ እንደተቆፈረም ይጨምሩ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ያንሱ፦ የእኔ መንገድ ቧንቧ በስንተኛው ዓመት ይቀየራል? ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው ቅናሽ ከጭማሪው ጋር አብሮ ያድጋል? መልሱን በጽሑፍ እንዲልኩልዎት አድራሻዎን እዚያው ያስመዝግቡ።