ጉድለቱን ማን ይሸከማል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ስለ ንግድ ታሪክ ሲወራ ማን ምን ፈለሰፈ የሚለው ይበዛል። እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነው፤ ዕቃው እጅ ሲቀያይር ይጎድላል፣ ኪሳራው የማን ነው?

እዚሁ ጅማ እንጀምር። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ማለት ነው፣ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የሲራራ ነጋዴ መገናኛ ነበር። ለዝርዝር ግብይት አሞሌ ጨው ያገለግላል። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ሲመጣ፣ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ጠላቱ ዝናብ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ይሟሟል፣ ይሸረፋል። የተሸረፈ አሞሌ ደግሞ በሙሉ ዋጋ አያልፍም። ስለዚህ ኪሳራው ዝናብ ሲጥል አሞሌው እጁ ላይ በተገኘ ሰው ላይ ይወድቃል። (ከብት የሚልሰው ገንዘብ፣ አስቡት!)

የማርያ ቴሬዛ ብር ከዝናብ ገላገለን። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ከሞተች በኋላም 1780 እንደተባለ መታተሙን ቀጠለ። ነጋዴው ግን የጌጧን ዕንቁዎች ሳያይ አይቀበልም፤ ተፍቀው ከጠፉ ይመልሰዋል።

ዛሬ እርጥበቱ ቡናው ውስጥ ገብቷል። ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 14 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ፈረሱላ ቡና ገዝተህ ወደ 11.5 በመቶ ብታደርቀው 1,700ው ኪሎ 1,652 ገደማ ይሆናል። 48 ኪሎ ተነነ! ሰብሳቢው ይህን ስለሚያውቅ ለሁሉም ዋጋ ቀንሶ ይሰጣል። በደንብ ያደረቀው ገበሬ እርጥብ ላመጣው ጎረቤቱ ይከፍላል ማለት ነው። ለእኔ ትልቁ በደል ይሄ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ናሙናና ደረጃ ቢያመጣም፣ ምዘናው ከገበሬው ደጅ አልደረሰም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እሸት ቡናውን ማድረቂያ አልጋ ላይ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አስጡ፤ ከወፈረ ውስጡ ይቦካል። ደጋግማችሁ አገላብጡ፤ ማታና ዝናብ ሲመጣ ሸፍኑ። መሬት ላይ የተሰጣ አፈር አፈር ይሸታል። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ሲወዘወዝ ካንኳኳ፣ ፍሬውን ንከሱት፤ ጥርስ ከገባበት ገና ነው። ከልክ በላይ ማድረቅም ኪሳራ ነው፤ ክብደቱ ይሄዳል፣ ሲፈለፈል ይሰባበራል።

ጎረቤታሞች ተዋጥታችሁ የእርጥበት መለኪያ ብትገዙ የዋጋ ክርክሩ መልክ ይለውጣል። ማሽኑ የሚለካው የተፈለፈለ ፍሬ ነውና ጀንፈሉን እንዳለ አትጨምሩበት፤ ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ወስዳችሁ፣ ፈልፍላችሁ፣ ደባልቃችሁ ለኩ።