ሸክላ ጨረር ያወጣል፤ ታዲያ እንጨነቅ?

[ምስል፦ የጭነት መኪና በጨረር መለኪያ በር ውስጥ ሲያልፍ]

በወደብና በድንበር ላይ ጨረር የሚለኩ ትልልቅ በሮች አሉ። የተተከሉት የኑክሌር ነገር ተደብቆ እንዳያልፍ ነው። ግን ከሚያስጮኻቸው ዕቃ መካከል የወለል ሴራሚክ፣ የሽንት ቤት መቀመጫና ድመቶች የሚጸዳዱበት የሸክላ ጥራጥሬ አሉበት። አዎ፣ የድመት ሽንት ቤት!

ሸክላ የሚገኘው እንደ ግራናይት ያለ ድንጋይ በውሃና በአየር ለረጅም ዘመን ሲፈራርስ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ደግሞ ምድር ስትፈጠር ጀምሮ የነበሩ፣ ጨረር የሚያወጡ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም 40 አሉ። የዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ እስኪበታተን የሚወስደው ጊዜ) 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ፣ የቶሪየም 14 ቢሊዮን ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ያልቃሉ ብላችሁ አትጠብቁ።

ሸክላ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ድንጋዩ ሲፈርስ ፖታሲየሙ በቀላሉ ታጥቦ ይሄዳል፤ ቶሪየም ግን በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ እዚያው ይቀራል። ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ፖታሲየሙ በጣም ጥቂት ነው፣ ኢላይት የሚባለው ሸክላ ግን አጥብቆ ይይዘዋል።

«እሳት አያጠፋውም?» የሚል አይጠፋም። አያጠፋውም! ጨረሩ የሚመጣው ከአቶሙ አስኳል ነው፣ እቶን ደግሞ አስኳል አይነካም። እንዲያውም ውሃው ተኖ ጡቡ ሲቀልል፣ በኪሎ ሲሰላ ጨረሩ ትንሽ ከፍ ይላል።

[ምስል፦ ጡብና የሰው ሰውነት ጎን ለጎን]

ቁጥር እንይ። በአንድ ኪሎ የሸክላ ጡብ ውስጥ ፖታሲየሙ ብቻ 600 ቤክሬል ገደማ ሊሆን ይችላል፤ በየሰከንዱ 600 አቶም ይበታተናል ማለት ነው። ያስፈራል አይደል? የእናንተው ሰውነት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ግን 4,000 ቤክሬል ያህል ነው። እሺ፣ ኪሎ ለኪሎ ካየነው ጡቡ ይበልጣል፤ ግን ጡብ የሚበላ የለም። መለኪያው ጮኸ ማለት ጨረር አለ ማለት ነው እንጂ ይጎዳል ማለት አይደለም። ሰው ከተፈጥሮ በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ይደርሰዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከግንባታ ዕቃ ለሚመጣ የቤት ውስጥ ጋማ ጨረር (ግድግዳ አልፎ የሚሄደው ዓይነት) በዓመት 1 ሚሊሲቨርትን መመዘኛ አድርጓል።

በሴራሚክ ላይ ጥፋቱ የሸክላው ብቻ አይደለም። ላዩ ላይ ያለውን አንጸባራቂ ቅብ ነጭ ለማድረግ ዚርኮን የሚባል ማዕድን ይጨመራል፣ እሱ ደግሞ ዩራኒየምና ቶሪየም ይዞ ስለሚመጣ ጨረሩ ከሸክላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቅቡ ስስ በመሆኑ ወለሉ ላይ ለሚሄድ ሰው ምንም አይደል፤ መጠንቀቅ ያለበት ዚርኮን እየፈጨ አቧራውን የሚተነፍስ ሠራተኛ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ገበያ የወጣው ፊየስታ የሚባለው ብርቱካናማ ቀይ ሰሃን ግን ለየት ይላል። ቀለሙን ያገኘው ከዩራኒየም ኦክሳይድ ነው። በ1943 መንግሥት ዩራኒየሙን ለጦርነት ስለፈለገው ቀለሙ ተቋረጠ፣ በ1959 ተመልሶ እስከ 1972 ተሠራ። ካገኛችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፤ ኮምጣጣ ምግብ ዩራኒየሙን ከቅቡ ስለሚያሟሟ አትብሉበት።

ቤት ውስጥ በቁም ነገር መለካት ያለበት ራዶን ነው፤ ዩራኒየም ሲበታተን የሚፈጠር ጨረር የሚያወጣ ጋዝ። ከጡብም ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከቤቱ ሥር ካለው መሬት ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በሜትር ኩብ ከ100 ቤክሬል እንዳይበልጥ ይመክራል። ከበለጠ የወለሉን ስንጥቅ ድፈኑ፣ መስኮት ክፈቱ።