ከኋላ ክላክስ ሲነፋ

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባሕር ዳር ዝናቡ ሲወርድ ነው ያደረው፣ አሁንም አላባራም። ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ ከተሰማችሁ እሱ ነው፣ ይቅርታ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አድማጭ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብላ ተመዝግባ፣ ከፍላ፣ ሦስት ቀን ተለማምዳ አቋርጣለች። «መኪናው ውስጥ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መንገደኛው ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኛል፣ ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም» ትላለች። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። የራሴን ድምፅ የሰማሁ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ለሷ ነው።

እኔ መሪ የጨበጥኩት በ34 ዓመቴ ነው። መኪና አምሮኝም አልነበረም። እናቴ ዳንግላ ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት፣ በየጊዜው ለምርመራ ወደ ባሕር ዳር ትመጣለች። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያ ትጠብቃለች፣ ከዚያ እግሯን አጥፋ ስትመጣ ያብጥባታል። ወንድሜ ደግሞ ለሥራ ወደ ውጭ ሲሄድ አሮጌ ኮሮላውን እኔ ግቢ አቁሞት ነው የሄደው። ስድስት ወር ቆመ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አጠገቡ አልፋለሁ፣ ላዩ ላይ አቧራ ተጋግሯል፣ እናቴ ደግሞ እዚያ መናኸሪያ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፣ ሄጄ ተመዘገብኩ።

ንድፈ ሐሳቡ አልከበደኝም። ምልክቱን፣ ቅድሚያውን፣ አደባባይ ውስጥ ቀድሞ ለገባው መልቀቅን፣ እሱን ሁሉ ተቀምጦ ማንበብ ነው። የመጀመሪያው አሠልጣኜ ግን ጯሂ ነበር። «ፍሪሲዮን ልቀቂ! ቀስ! ቀስ አልኩ እኮ!» ይላል። ፍሪሲዮን ማለት በግራ እግር የሚረገጠው፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ነው። እኔ እደነግጣለሁ፣ እግሬ ብድግ ይላል፣ መኪናው አንዴ ወደፊት ዘለል ብሎ ሞተሩ ይጠፋል። እንደገና ቁልፍ። እንደገና ይጠፋል።

አንድ ቀን፣ ሰው ሥራ የሚገባበት ሰዓት ነው፣ አደባባይ ልገባ ስል ጠፋብኝ። ከኋላዬ ባጃጅ ተደረደረ። ክላክሱ ተጀመረ። አንዱ ሲያቆም አንዱ ይቀጥላል። የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ሴትዮ፣ ወይ ንጂ ወይ ውረጂ!» አለኝ። አሠልጣኙም አብሮ ይጮህብኛል። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሁለት ሳምንት አልተመለስኩም። ለያንዳንዱ ቀን ምክንያት ነበረኝ፤ አንድ ቀን ራስ ምታት፣ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት፣ አንድ ቀን ዝናብ።

በነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ምንድነው የምፈራው? አደጋ ነው? አደጋ ቢሆንማ አዲስ አበባ ስሄድ ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንወርድ፣ ያ ሁሉ ጥምዝምዝ፣ ያ ሁሉ ገደል፣ እኔ እንቅልፌን ነው የምተኛው። የምፈራው ክላክሱን ነው። ሰው በኔ ምክንያት መቆሙን። እስኪ ልብ በሉ፣ እኛ ሴቶቹ በተለይ እንዴት ነው ያደግነው? «ሰው አታስቸግሪ፣ መንገድ ልቀቂ፣ ጥግ ያዢ።» መልካም አስተዳደግ ነው፣ አልጠላውም። መሪ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን ከባድ ነው፤ መንገዱ ላይ ቦታ መያዝ ግድ ነውና። እኔ 34 ዓመት ሙሉ ጥግ መያዝ ነው የተማርኩት።

ይሄን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አሠልጣኝ ይቀየርልኝ ብዬ ጠየቅኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ እንዲያው በከንቱ ነበር የፈራሁት። እናንተም ብትሆኑ የሚጮህባችሁ ሰው ከሆነ ጠይቁ፣ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛው አሠልጣኜ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው። መጀመሪያ ቀን ቁልፉን ይዘው «እስኪ ምን ያስፈራሻል እታለም?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አልሳቁም። «ጥሩ ነው፣ ተናገርሽው» አሉና ጎንበስ ብለው እግሬን ማየት ጀመሩ።

እኔ አጭር ነኝ። ወንበሩ ለረጅም ሰው እንደተገፋ ነው ስማር የከረምኩት፤ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ለመርገጥ በጣቴ ጫፍ ነበር የምደርሰው፣ ተረከዜ አየር ላይ ተንጠልጥሎ። ተረከዝ ካላረፈ እግር ቀስ ብሎ መነሳት አይችልም፣ ወይ ታች ነው ወይ ላይ። ያን ሁሉ ቀን ራሴን «ደንቆሮ ነኝ» እያልኩ ስሰድብ የኖርኩት ለካ በወንበር ነው! ጋሼ ወንበሩን ወደፊት ሳቡት፣ ከጀርባዬ ትራስ አደረጉልኝ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ረግጬው ጉልበቴ ትንሽ እጥፍ እስኪል ድረስ። ከዚያ ስፖኪዮውን ለኔ ዓይን አስተካከሉት። ያን ቀን ሞተር አላስነሳንም።

በማግሥቱ እሑድ ነበር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። መንገዱ ላይ ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ብቻ አሉ። «ነዳጁን እንዳትነኪው» አሉኝ። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ተረከዜ መሬት ላይ፣ ፍሪሲዮኑን በጣም በጣም ቀስ እያልኩ ለቀቅኩ። «ጆሮሽን ሞተሩ ላይ አድርጊ።» የሞተሩ ድምፅ ወፈር አለ። መሪው መዳፌ ውስጥ ትንሽ ነዘረኝ። «እዚያ ጋ ቁሚ! እግርሽን እዚያው ያዢው!» መኪናው ያለ ነዳጅ፣ በራሱ፣ እንደ ሕፃን ዳዴ ማለት ጀመረ። ሃያ ጊዜ ደጋገምነው። ሃያ ጊዜ! አንዴም አልጠፋም። ያቺን ነጥብ እግሬ አወቃት፤ እኔ ሳላስብ እግሬ ነው ያወቃት።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ልጅ ሆነን በብስክሌት ነው ያደግንባት። ስለዚህ እዚህ የለመደ ሰው ዳገት ሲያገኝ ይደነግጣል። ጋሼ ቤዛዊት ይዘውኝ ወጡ፣ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ኮረብታ፣ ከታች ዓባይ የሚታይበት። ዳገቱ መሀል አስቆሙኝ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ። «አሁን ከኋላሽ ሰው አለ እንበል፣ ክላክስ እየነፋ ነው። መጀመሪያ የእጅ ፍሬን። እሱ እስከተሳበ ድረስ ወደኋላ አትሄጂም። ከዚያ ተንፍሺ። ከጠፋብሽ ማርሹን ዜሮ አድርገሽ አስነሺ። ያቺን ነጥብ እስክታገኚያት የእጅ ፍሬኑን አትልቀቂው። ሰውየው ይጠብቅ፣ እሱም ለማጅ ነበር።» ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ የመኪናው አፍንጫ ከፍ አለ፣ ነዳጅ ጨመር አደረግኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ወጣ። ያን ቀን እንዴት እንደተደሰትኩ!

ስንወርድ ፍሬን ላይ እግሬን ተክዬ ነበር። አስቆሙኝ። ዓባይ በረሃን በተሳቢ ሲወርዱ ያዩትን ነገሩኝ። ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር፣ የፍሬን ሸራው ይግልና ይሸታል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ልቆጥብ የሚል ደግሞ ከሱ ይብሳል። «በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሻል» አሉ። ከዚያ ያልረሳሁትን ነገር አሉኝ። «ብዙ ደፋር ሾፌር ቀብሬያለሁ እታለም። ፈሪ ለእናቱ ሲባል ሰምተሽ የለ?» ስንት ጊዜ የሰማሁት አባባል ነው፣ እንደዚያ ቀን ግን ገብቶኝ አያውቅም። እኔ ለእናቴ ብዬ አይደል የመጣሁት?

ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅኩ፣ በሁለተኛው አለፍኩ። ስለሱ ብዙ አላወራም። ወድቃችሁ ከሆነ እንደገና ተቀመጡ።

ዳንግላ የሄድኩት ካለፍኩ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ከተማ ውስጥ ለመድኩ፣ መጀመሪያ በጠዋት፣ ከዚያ ባጃጁ በሚበዛበት ሰዓት። የአጎቴ ልጅ አብሮኝ መጣ፣ እሱ ዓመታት የነዳ ነው። መርዓዊን፣ ወተት ዓባይን፣ ዱርቤቴን አለፍን። የገበያ ቀን ነበር መሰለኝ፣ ከብቱም አህያውም ጋሪውም መንገድ ላይ ነው። ከብት ሲያይ ክላክስ ላይ የሚተኛ ሾፌር አለ፣ እባካችሁ አታድርጉት፣ የደነገጠ ጥጃ ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም። ቀነስ አድርጎ ማለፍ ነው።

ስንመለስ እማዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰርኩላት። ከሰፈሯ ስንወጣ ትንሽ ዳገት አለች፣ እዚያ ላይ በጎች መንገዱን ሞሉት፣ ቆምኩ። ከኋላ አንድ አይሱዙ ደረሰና ክላክሱን ለቀቀው። ያ ድምፅ። ሆዴ እንደ ድሮው ክፍት አለ።

«ማነው የሚጮህብሽ?» አለች እማዬ ዞር ብላ።

«ይጠብቅ እማዬ» አልኳት። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል፣ ተረከዜ መሬት ይዟል። የመጨረሻዋ በግ ግልገሏን አስከትላ እስክታልፍ ጠበቅኩ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር አለ፣ አፍንጫው ከፍ አለ፣ ለቀቅኩት።

ዱርቤቴ ሳንደርስ እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተኝታ ነበር።