ያረጀው ባትሪ የት ይሂድ? (በጋራዥ ባለሙያዎች ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። ወጣት መካኒኮችን በኤሌክትሪክ መኪና ጥገና አሠልጥነናል፤ የከፍተኛ ቮልቴጅ ጓንትና መሣሪያ በጋራ ገዝተናል። የደከማችሁበትን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የባትሪ ማከማቻችን ጉዳይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሥራችን ተቀይሯል። ለውጡን ከልቤ እደግፋለሁ። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ልጆቻችንም ከጭስ ቢያርፉ ማን ይጠላል? የምለፋው ጭሱ ከመንገዳችን ሲነሳ ጉዳቱ ድሃው ደጅ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ለብዙ ባትሪዎች የሚገባው ኮባልት በአብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ነው። ኮልዌዚ አካባቢ ሰው ያለ በቂ መከላከያ በእጁ እየቆፈረ ያወጣዋል። ያንን ከዚህ ሆነን ማስቆም አንችልም ትሉኝ ይሆናል። እሺ፤ በእጃችን ያለውንስ?

የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ያላቸው የኤሌክትሪክ ባጃጆች አሉ። ብዙ መኪኖችም ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንዲህ ያለች ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ስታረጅ ለቆራሌ ትሸጣለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ልጅ ባትሪውን በመጥረቢያ ይሰነጥቃል፣ አሲዱን ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ እርሳሱን በከሰል ያቀልጣል። ጓንት የለውም። አጠገቡ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። ቦዩ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፤ በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጉዳት አያስከትልም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። የከተማው ሁሉ ቆሻሻ ነበር፤ የሞቱት ግን ሥሩ የሚኖሩት ናቸው። እኛም ያንኑ እንድገመው?

ባለፈው ጉባኤ ማከማቻ ተከራይተን ባትሪውን እንድንሰበስብ፣ ሲጠራቀም ፈቃድ ላለው ድርጅት እንድናስረክብ ወስነናል። የተቃወመ አልነበረም። መዋጮውን የከፈለው ግን ከግማሽ በታች ነው! ኪራዩን እስካሁን ያቆዩት ጥቂት አባላት ናቸው፤ አብዛኞቹም ትንንሽ ጋራዥ ያላቸው። በእነሱ እኮራለሁ።

«ቆራሌው ወዲያው ጥሬ ብር ይሰጠኛል፤ ማህበሩስ?» ያለኝ አባል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥራ አስፈፃሚው ባትሪ ላስረከበ አባል ከሽያጩ እንዲከፈለው ሐሳብ አቅርቧል፤ ከሰዓት እንወያይበታለን። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እንዳለም አትርሱ።

ብዙ ባትሪ የሚወጣባቸው ትልልቅ ጋራዦች ባለቤቶች ዛሬም አልመጡም። ስማቸውን አልጠራም። ጎረቤቶቻቸው ንገሩልኝ፦ እናንተ የሸጣችሁትን ባትሪ የሚሰብረው ልጅ የሰው ልጅ ነው። የሚቀጥለው ወር ኪራይ ካልተሟላ ማከማቻው ይዘጋል። የመዋጮ ደብተሩ በሩ ጋ ከሒሳብ ሹማችን ዘንድ አለ፤ ለምሳ ስትወጡ ፈርሙ። ጉባኤው ተከፍቷል።