“ብርድ ነው” አትበሏቸው

የተከበሩ የእድራችን ሊቀ መንበር፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ሊቀ መንበራችን “ስለ ጤና ጥቂት ተናገር” ስላሉኝ ነው የቆምኩት። ስለ ጤና የሚነገር ብዙ አለ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። የእናቶቻችንን ሳል።

በሚቀጥለው ሳምንት ኅዳር ሚካኤል ነው። ቆሻሻ ይከመራል፣ እሳት ይለቀቅበታል፣ ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል። ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ልማዱን የተረከብነው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ራስ ተፈሪም ታመው ነው የተረፉት። አያቶቻችን በጭስ ሊያባርሩት ሞከሩ። አልፈርድባቸውም፣ በእጃቸው የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ግን የሚታወቅ ነገር አለ። በዚያ ወረርሽኝ አብዛኛውን ሰው የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛው ብቻውን አይደለም። እሱ በከፈተው በር የገባው የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነው። ይህችን ያዙልኝ።

ብዙዎቻችሁ እናቴን ታውቋታላችሁ። አምስታችንን ያሳደገችን አረቄ አውጥታ ነው። የአገራችንን ብርድ ደግሞ ለእናንተ አልነግርም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ የመንዝን ብርድማ ተዉት። ውርጩ ሲመጣ በር ይዘጋል። መስኮት የለም። ኩበቱ ይጨሳል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ይጨሳል። እናቴ ድፍድፉ ከተጣደበት እሳት አጠገብ ከንጋት እስከ ማታ ትቀመጣለች። ስንት ዓመት!

ሳል ጀመራት። “ብርድ ነው” አልናት። ዳገት ላይ ቆም ማለት ጀመረች። “እርጅና ነው” አልናት። በኋላ አንድ ጤና ተቋም ወሰድኳት። “ሲጋራ ያጨሳሉ?” ብለው ጠየቋት። ተቆጣች። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። “እንግዲያው ሳንባ ነቀርሳ ነው” አሉ። አክታዋ ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘበትም። እንዲያም ሆኖ ስድስት ወር የነቀርሳ መድኃኒት አስዋጧት። ጎረቤት ብርጭቆዋን ለየባት። ቡና ሲጠራሩ እሷን መጥራት ተዉ። ይህ ከሳሉ ይልቅ ጎዳት።

ስለ ጭስ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። እኔም ነርስ ሆኜ፣ በዚያው ጭስ አድጌ፣ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በአንዱ ኅዳር ጉንፋን ያዛት። ነጭ የነበረው አክታዋ ቢጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ። በዛ፣ ወፈረም። ከመደቡ እስከ በሩ መድረስ አቃታት። እኔ ለሥራ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነበርኩ። ጎረቤት ከልጇ የተረፈ አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጠቻት። አዝናላት ነው። ሁለት ቀን ሻል አላት፣ መድኃኒቱም አለቀ። በሳምንቱ ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ አንድ ቃል ለመናገር ሁለቴ ትተነፍሳለች። ኦክስጅን ላይ ሰነበተች። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። የደብሩን ዳገት ግን ከዚያ ወዲህ በእግሯ አልወጣችም።

ያመማት የሳንባ አየር ቧንቧ መጥበብ ነው። ሐኪሞቹ ሲኦፒዲ ይሉታል። ቧንቧችን ውስጥ አክታን ወደ ላይ ጠርገው የሚያወጡ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። ጭስ ዓመት ከዓመት እነሱን ይጎዳል። አክታው መውጫ ያጣና ይጠራቀማል። ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ (ስሙ ቢመሳሰልም ከኅዳር በሽታው ኢንፍሉዌንዛ የተለየ ነው)፣ ሞራክሴላ፣ ኒሞኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ቤት ይሠራሉ። ጉንፋን ሲጨመርበት ይባዛሉ። ለጤነኛ ሰው የሦስት ቀን ንፍጥ የሆነው ጉንፋን ለእንዲህ ዓይነት እናት የኦክስጅን ጉዳይ ይሆናል።

ሦስት ነገር ተመልከቱ። ትንፋሿ ከወትሮው ባሰ? አክታዋ በዛ? ቀለሙ ተለወጠ? በተለይ ቀለሙ ተለውጦ ከሁለቱ አንዱ ከታከለበት፣ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ከተደናገረች በቀጥታ ሆስፒታል። አንቲባዮቲክ ካስፈለጋት ሐኪሙ ያዛል። ብዙ ጊዜ የአምስት ቀን ያህል ነው። ታዲያ አምስት ቀን ማለት አምስት ቀን ነው! ሁለት ቀን አይደለም፤ የጎረቤት ትራፊም አይደለም። ለተራ ጉንፋን ደግሞ አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራም። ከስታ፣ ሌሊት እያላባት ከሆነ የነቀርሳ ምርመራው አይቅር። ግን ጭሱንም ይጠይቋት። ካልጠየቋት እናንተ ንገሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው ይህ ሲኦፒዲ በፈረንጆች 2019 ብቻ 3.23 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከእነዚያ መካከል ሲጋራ በአፋቸው ያልዞረ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች አሉ።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ ብትቆጡም ተቆጡ። እኛ ለድንኳን እናዋጣለን። ለወንበር፣ ለብረት ድስት እናዋጣለን። እናት ስትሞት ንፍሮ ለመቀቀል እንሽቀዳደማለን። በሕይወት ሳለች ግን በጣሪያዋ ላይ አንድ የጭስ ማውጫ ቆርቆሮ የሚያቆምላት የለም! ለቀብሯ ገንዘብ አለን፣ ለትንፋሿ የለንም? ይህን እኔ አልቀበልም። እናንተም አትቀበሉት!

ጭስ ማውጫ የጠበበውን ቧንቧ መልሶ አያሰፋም። የቀረውን ሳንባ ግን ያተርፋል።

የሚያጨስ ያቁም፣ ይህን ታውቁታላችሁ። ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ የታዘዘላችሁ አሳሳቡን ነርስ ያሳያችሁ። ስለ ክትባትም ጠይቁ።

ለዛሬ ሁለት ነገር ይወሰንልኝ። አንደኛ፣ ዘንድሮ ለሚካኤል ቆሻሻውን እንጥረግ፣ ግን አናቃጥለው። በጋሪ ወደ መጣያው ይሂድ። ሁለተኛ፣ ከእድሩ ሣጥን በየወሩ ለአንድ ቤት ጭስ ማውጫ ይሠራ። ጸሐፊያችን መዝገቡን ይክፈቱ። የመጀመሪያውን ቤት እኔ እጠቁማለሁ። ከወንዙ ማዶ፣ አረቄ የሚያወጡት እናት ቤት ነው። ዛሬ ያልመጡት ዳገቱ አቅቷቸው ነው።