ውሃው አብሮ አያንስም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው ጨዋታዬ ምድር ቤቴን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለያዘው አውሮፕላን ነው። በሪሞት የሚበር፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ከውሃ ተነሥቶ ውሃ ላይ የሚያርፍ የካታሊና ሞዴል ነው። የእውነተኛው ካታሊና ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ነው። የእኔው 2 ሜትር ከ64 ነው፤ አንድ አሥራ ሁለተኛው መሆኑ ነው።

የምኖረው ሲያትል ነው። እዚህ ከተማ መሐል ዩኒየን የሚባል ሐይቅ አለ፤ የውሃ አውሮፕላኖች ሲነሡበትና ሲያርፉበት ይውላሉ። ቦይንግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1916 የመጀመሪያ አውሮፕላኑን ያስነሣው ከዚሁ ሐይቅ ነበር። ካታሊናን የመረጥኩት ግን በታሪኩ ተማርኬ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ደቡብ ምሥራቅ እስያን ስትይዝ የአውስትራሊያና የእንግሊዝ የአየር መስመር ተቆረጠ። ከ1943 እስከ 1945 የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ ከፐርዝ እስከ ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ ማለት ነው፣ የሕንድ ውቅያኖስን በካታሊና ሳያርፍ ያቋርጥ ነበር። ነዳጁ ስለሚከብድ የሚጫነው ቢበዛ ሦስት መንገደኛ ነው። በረራው ከ27 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ መንገደኞቹ በአንድ ጉዞ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ስትወጣ ያያሉ፤ ለዚህም የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። ይህን ያነበብኩ ዕለት ሌላ አውሮፕላን የመሥራት ሐሳብ ከልቤ ወጣ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አውሮፕላንን ማሳነስ ይቻላል፤ ውሃን ማሳነስ ግን አይቻልም። ርዝመቱ 12 ጊዜ ሲያንስ ክብደቱ የሚያንሰው 12 በ12 በ12፣ ማለትም 1,728 ጊዜ ነው። ሙሉ ጭነቱን የያዘ ካታሊና 16,000 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የእኔው እንግዲህ ከ9 ኪሎ ብዙም መብለጥ የለበትም። ሞገዱ ግን ያው ሞገድ ነው። ለዋናተኛ ከቁም ነገር የማይቆጠር የ10 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ለእኔ አውሮፕላን ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ማዕበል ነው። የውሃ ጠብታም አያንስም። ውሃ ከገጽ ላይ የመጣበቅ ጠባዩ በትልቁ አውሮፕላን ላይ እምብዛም አይታይም፤ በትንሹ ላይ ግን ከውሃው እንዳይላቀቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

ስለዚህ ሞዴል ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጨነቁለት ቀለምና የመስኮት ጌጥ ለእኔ ሁለተኛ ነገር ነው። ከሁሉ የሚቀድመው የሆዱ ሥራ ነው። የውሃ አውሮፕላን ሆድ እንደ ጀልባ ሆኖ መካከሉ ላይ በድንገት ወደ ላይ የሚቆረጥ እርከን አለው። አውሮፕላኑ ሲፈጥን ውሃው እርከኑ ጋ ደርሶ ይለያል፤ ከኋላው አየር ይገባል፤ የኋለኛው ሆድ ከውሃ ይላቀቃል። ያ እርከን ባይኖር ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ውሃው አይለቀውም።

የእርከኑ ጠርዝ ስለት ሊኖረው ይገባል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ትንሽ ከዞረ፣ ወይም ቀለም ተደራርቦበት ከወፈረ፣ ውሃው ጠርዙን ተከትሎ ይታጠፍና ተጣብቆ ይቀራል። እኔ በጠርዙ ዳር ፕላስተር እለጥፍና ኢፖክሲ የሚባለውን ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ እሞላለሁ፤ ሲደርቅ ፕላስተሩን አንሥቼ በአንድ በኩል ብቻ እፈገፍጋለሁ። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ከዚያ ክንፉን ሳልገጥም አሸዋ ጭኜ ክብደቱን አስተካከልኩና ከጓደኛዬ የሞተር ጀልባ ጎን በወጣ ረጅም ዘንግ ጎተትነው። መጀመሪያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ውሃውን እየገፋ ሄደ። ጀልባው ሲፈጥን ቀስ እያለ ተነሣ፤ ከእርከኑ ኋላ ያለው ፋይበርግላስ ደርቆ ሲያበራ አየሁት። በደስታ ጮኽኩ! አሜሪካኖቹ በ1931 ቨርጂኒያ ውስጥ ላንግሌይ ላይ ረጅም የውሃ ገንዳ ሠርተው የውሃ አውሮፕላን ሞዴሎችን እየጎተቱ የሚፈትኑት ይህንኑ ለማወቅ ነበር።

ኤሌክትሪክ የመረጥኩበትን ምክንያት ብዙ ሰው ድምፁ ዝቅተኛ ስለሆነ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያቴ ግን ውሃ ላይ ማሽከርከሩ ነው። ካታሊና ውሃ ውስጥ የሚገባ መሪ የለውም፤ አብራሪዎቹ ውሃ ላይ የሚያዞሩት አንዱን ሞተር ከሌላው አብልጠው በማስጮህ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ በዝግታ ሲዞርም አይጠፋም፣ ሲያዙትም ወዲያው ይታዘዛል። በነዳጅ ሞተር ግን አንዱ ሐይቅ መሐል ከጠፋ አውሮፕላኑ እየዞረ ይቀራል። ሁለቱ ባትሪዎች አፍንጫው ውስጥ ናቸው፤ ሚዛኑ ከእርከኑ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲያርፍ ክብደቱ እዚያ ያስፈልጋል። የሐይቅ ውሃ ሞተሩን ቶሎ አይጎዳውም፤ የሚጎዳው የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ነው። እሱን ክንፉን በተሸከመው ምሰሶ ውስጥ ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።

የቀሩኝ ከክንፉ ጫፎች የሚንጠለጠሉት ተንሳፋፊዎች ናቸው። በእውነተኛው ካታሊና ከተነሣ በኋላ ወደ ላይ ታጥፈው የክንፉ ጫፍ ይሆናሉ፤ ካየኋቸው የአውሮፕላን ብልሃቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ያምራል የምለው የለም። አንድ ወዳጄ «እንደወረዱ ይቅሩ፤ አንዱ ሳይወርድ ቢቀር ክንፉ ውሃ ይነክራል» ይለኛል። ፍርሃቱ እውነት አለው። እኔ ግን እንዲታጠፉ አደርጋቸዋለሁ። ሁለቱን በአንድ ዘንግ አያይዤ በክንፉ መሐል ባለ አንድ ሞተር አንቀሳቅሳቸዋለሁ፤ ያኔ ወይ ሁለቱም ይወርዳሉ ወይ ሁለቱም ታጥፈው ይቀራሉ። ዘንጉን ነገ መቁረጥ እጀምራለሁ።

እስከሚቀጥለው ድረስ ቸር ያሰንብተን።