በብሎኮቹ መካከል ያለው መሬት

(በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች። እሁድ ጠዋታችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ ቤታችን አላወራም። ቤታችንንማ እናውቅበታለን። ሴራሚክ አንጥፈናል፣ ጂፕሰም አሠርተናል፣ በር ቀይረናል። የማወራው ከበሩ ውጪ ስላለው ነው። ስለ ደረጃው፣ ስለ ውሃ ታንከሩ፣ ስለ ጋራ መጠቀሚያው ቤት፣ በብሎኮቹ መካከል ስላለው መሬት። የምንኖረው ከተማው ዳር ነው። እንጦጦ ፓርክ ያምራል፤ ግን ከዚህ ታክሲ እየቀያየሩ ልጅ ይዞ በየቀኑ አይኬድም። ልጆቻችን የሚያድጉት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት ከብሎካችን ፊት ለፊት ሃያ ችግኝ ተክለን ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደብን። ጥቅምት ላይ የቀሩት ሦስት ናቸው። አንዱ የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮበት ጎብጧል። አንዱ ሥር መኪና ይቆማል፣ ዘይት ይንጠባጠብበታል። ሦስተኛው ለምልሟል። አንዲት እናት ምስር ያጠበችበትን ውሃ ማታ ማታ ታፈስለታለች። ልጆች ቅርንጫፉን ሲይዙ ደግሞ ከመስኮት ትጣራለች።

ብዙዎቻችን "መንግሥት መጥቶ ያስተካክል" እንላለን። ወረዳው የሚጠየቅበት ሥራ አለ፤ ዋናው መንገድ፣ የመንገድ መብራቱ፣ የቆሻሻው ማንሻ። ግቢው ግን የእኛ ነው። ይህን የሚለው ሕጉ ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት፣ ቤት ያለው ሰው በጋራው ንብረትም ድርሻ አለው። ድርሻውን ከቤቱ ነጥሎ መሸጥ አይችልም። የጋራውን የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር ነው።

የጋራ መጠቀሚያ ቤታችንን እንይ። የተሠራው እንጀራ ሊጋገርበት፣ ልብስ ሊታጠብበት፣ ለበዓል በግ ሊታረድበት ነው። ዛሬ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ማን አከራየው? ኪራዩስ የት ገባ? ጠይቀን መልስ አላገኘንም። ፋሲካ ላይ ደረጃ ሥር ታርዶ፣ ፈርሱ ሁለት ቀን ሲሸት ሰነበተ። ሁላችንም ያረደውን ሰው ረገምነው። እኔ ግን አልፈርድበትም። ማረጃውን ዘግተንበት የት ይረድ?

አገራችን የጋራን ነገር መጠበቅ ታውቅበታለች። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአካባቢው ሰው ለዘመናት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ይሆናል። እስኪደርስ 3 ዓመት፣ አንዳንዴም 5 ዓመት ይዘጋል። እስከዚያ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አይነዳም። ጠባቂ ከሌላ አገር አልተቀጠረለትም። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚለውን መሪ ራሱ ይመርጣል፣ ጥበቃውንም ራሱ ይወጣል። ደረሰ ሲባል ቀኑ ይነገራል፤ ያኔ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ያገኘ ሁሉ አጨደ፣ ያገኘ ሁሉ አሰማራ። ኋላ ላይ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያነሳው ያው የአካባቢው ሰው ነው። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሰው ይመጣል።

ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት ምሁር ስታጠና የኖረችው እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ስትሸለም ከሴት የመጀመሪያዋ ነበረች። ከጠቀሰቻቸው ቦታዎች አንዷ ቶርበል የምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ናት። በዚያች መንደር ከ1517 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ደንብ አለ፤ ማንም ሰው በብርዱ ወራት ቤቱ ቀልቦ ከሚያሳድረው በላይ ላም ወደ ጋራ ግጦሹ አይልክም። ሕፃን እንኳ የሚገባው ደንብ ነው።

እኛስ ዕድር ላይ የምናደርገው ይህንኑ አይደል? የቀረ ይቀጣል። መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ ሲደጋግም ከፍ ይላል። ብሩ ከብዶት ሳይሆን ስሙ በጉባኤ ሲነበብ ያፍራል። የለቅሶ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ለዓመታት አንድ ሳይጎድል የያዝን ሰዎች ነን። ግቢው ላይ ሲሆን ምን ነካን?

ኮሚቴው የሚያቀርበው ይህን ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ እስከ መጪው እሁድ ይመለስ፣ ሒሳቡም እዚሁ ይነበብ። መኪና የሚቆምበትና ልጆች የሚጫወቱበት በኖራ ይሰመር፤ መስመሩን መኪና የሌላችሁም አብራችሁ ወስኑ። የግቢው ጥበቃ በየብሎኩ በተራ ይሁን። ተከራዮችም ስብሰባ ላይ ይቀመጡ፣ ይናገሩ። ይህን በተለይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ባለቤቱ ሌላ ሰፈር የሚኖርበት ቤት ብዙ ነው፤ ጠዋትና ማታ ይህን ግቢ የሚረግጠው ተከራዩ ነው።

"ልብሱንስ የት እናስጣ?" የምትሉ እናቶች አላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። ዛፍ ላይ ገመድ አትሰሩ ካልን ሌላ ማስጫ ማቅረብ አለብን። ሁለት የብረት ቋሚ እኔ አመጣለሁ። ብየዳ የሚችል ሰው ከመካከላችሁ እጁን ያውጣ።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። ከቁልፉ እንጀምር።